ሰሊጥ ላይ የሰፋችው

ጥር 6

ዛሬ ምንም የተለየ ነገር የለም። ጠዋት ሁለቱን በሮች ተራ በተራ ከፍቶ መግባት፣ ጋዋን ማራገፍ፣ ስወጣ ደግሞ መስታወት ፊት ዞር ዞር ብሎ ፀጉሬ ላይ የተጣበቀች እንዳለች ማየት... ማርቢያ ክፍሉ እንደ ሻወር ቤት ይሞቃል። ገና ከመግባቴ ጀርባዬ ራሰ።

እነዚህ የእሳት ራቶች ባሕር ተሻግረው የመጡት ለአንድ ጉዳይ ነው፤ መሬቱን የወረረውን አረም፣ የወፍ ቆሎን፣ እንዲበሉልን። ከመለቀቃቸው በፊት ግን ሌላ ነገር እንደማይነኩ መረጋገጥ አለበት። ያ ነው ሥራዬ። የእኔና የጓደኛዬ የቀጭኔ። አባጨጓሬዎቹን የወፍ ቆሎ ከልክለን የሌላ ተክል ቅጠል፣ ሰሊጥም ጭምር፣ እንሰጥና እንጠብቃለን። በልተው ካደጉ መጥፎ፣ እምቢ ብለው ከሞቱ ጥሩ። እናቴ ምን እንደምሠራ ስትጠየቅ "ትል በረሃብ ትገድላለች" ትላለች።

ራቷ ራሷ ከአውራ ጣት ጥፍር አትበልጥም። አመድ የመሰለች፣ ክንፏ ላይ የመዳብ መስመር ያላት። ልጇ ግን ጉደኛ ናት። ሁለት ቅጠል ጎትታ በድሯ ትሰፋና መሐሉ ተቀምጣ ትበላለች። ቀጭኔ "ሰፊዋ" ያለቻት ለዚህ ነው። አሁን አለቃም ሳይቀር "ሰፊዋ እንዴት አደረች?" እያለ ይገባል።

ለቀጭኔ ስሟን ያወጣሁላት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ስንኖር። በቁመቷና በአንገቷ። ወንድሜን ስታገባ "እንግዲህ የወንድምሽ ሚስት ነኝ፣ በስሜ ጥሪኝ" ብላ ነበር። ወይ ፍንክች!

ምሳ ላይ ስለ አባቴ መሬት አነሳን። የወፍ ቆሎው ዋጥ አድርጎታል። ድሮ ላሞቻችን የሚውሉበት ሜዳ አሁን ሰው እንኳ አያሳልፍም። "ሰፊዋ ስትለቀቅ መጀመሪያ እዚያ እንወስዳታለን" አለች። አባቴ ቢኖር ምን ይል ነበር?

ጥር 9

ቅጠል ቅየራ ብቻ።

ቀጭኔ ቀኑን ሙሉ ስለ ቤት ስታወራ ዋለች። ሰፊዋ ስትለቀቅ አዲስ ጣቢያ ይከፈታል፣ ኃላፊነቱ ከነቤቱ ነው። "የራሴ በር፣ የራሴ ኩሽና... አስቢው እስቲ!" አሁን ያሉበት ሁለት ክፍል በአከራይዋ ሳሎን በኩል ነው የሚገባው። ወንድሜም ፋብሪካው ከተዘጋበት ወዲህ ቤት ነው የሚውለው፤ ከአከራይዋ ጋር ዓይንና ናጫ ሆነዋል።

"ላንቺ ይሁንልሽ" አልኳት። ከልቤ ነው።

ጥር 14

ሰሊጡ ተሰፍቷል።

መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ተክሎች ላይ ያሉት አባጨጓሬዎች ወይ ሞተዋል ወይ ሳጥኑ ጥግ ላይ ተኮራምተዋል። ሰሊጡ ላይ ግን ቅጠሉ ተጣጥፎ፣ ተጠጋግቶ፣ በነጭ ድር ተሰፍቶ... ጠርዙን በመርፌ ገለጥ ሳደርገው ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ጤነኛ። ጭራሽ ተናዳ ወደ ውስጥ ሸሸች።

"ቀጭኔ፣ ነይማ።"

ጎንበስ ብላ አየች። ብዙ ዝም አለች።

"ርቧት ነው" አለች በመጨረሻ። "የራበው ካርቶንም ይበላል።"

"ካርቶን በልቶ አይወፍርም።"

"እስቲ ትቆይ። ሳታድግ ትሞታለች።"

እኔም እንዲያ ቢሆን ደስ ይለኛል። ከታች ባለው ቆላ የሰሊጥ እርሻ ነው አገር ምድሩ። ይቺን እዚያ ለቅቀን... እንዴት ተብሎ ይታሰባል?

ጥር 22

አልሞተችም። በላች፣ አደገች፣ በድሯ ተጠቅልላ ተኛች። አንዷ ብትሆን አጋጣሚ ነው እል ነበር። ሰሊጥ ላይ ካስቀመጥናቸው ግማሽ ያህሉ ናቸው።

ቀጭኔ እጄን ያዘችኝ። "አንድ ጊዜ እንድገመው። አለቃ ለመልቀቂያው ቀን እንግዶች መጥራት ጀምሯል። ሳናረጋግጥ ብንነግረው በሁለታችንም ላይ ነው የሚፈርድብን። እስኪደገም ቃል እንዳይወጣሽ።"

ልክ ናት። አንድ ሙከራ ሙከራ አይባልም። ዛሬ ከሰዓት አዲስ ሰሊጥ ላይ አዲስ አባጨጓሬዎች አብረን አስቀመጥን።

ጥር 27

እናቴ ሦስት ቀን ትንፋሽ ሲያጥራት ሰንብቶ ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል አስገባኋት። አልጋ እስኪገኝ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ "ሥራሽ እንዳይቀርብሽ" ትለኛለች... ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ!

ፈቃድ ለመጠየቅ ቢሮ ስሄድ እጅ መታጠቢያው ጋ ቀጭኔን አገኘኋት። ሳያት ነው እንባዬ ዱብ ዱብ ያለው። ያልነገርኳት ነገር የለም። ቁልፉን በር ላይ ሰክቼ መሄዴን፣ ቅጠል እየቀጠፍኩ የየትኛው ሳጥን እንደሆነ ጠፍቶኝ ቆሜ መቅረቴን፣ ሀሳቤ መበታተኑን። አቅፋ አባበለችኝ። በጋዋኗ እጅጌ አፍንጫዬን ጠረገችልኝ፣ እንደ ሕፃን።

"ሂጂ። ለእማዬ ሁኚላት። ሰሊጡን ለእኔ ተይው።"

እህት ብወልድ ኖሮ እንዲህ አትሆንም ብዬ ወጣሁ። ምን ማለቴ ነው? እናቴ እህት ብትወልድልኝ ማለቴ ነው። ይኸው፣ መጻፍም አቃተኝ።

የካቲት 2

ኦክስጅኑ ረድቷታል። ወንድሜ ብርቱካን ይዞ መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እየላጠ "ያ የሰሊጡ ነገር እንዴት ሆነ?" አለኝ።

ለማንም አንነግርም ብለን አልነበር? ባልና ሚስት ናቸው፣ ትራስ ላይ ያወራሉ መቼም።

"እየተደገመ ነው" አልኩት። ብርቱካኑን ለእናቴ አጎረሳት።

የካቲት 9

እናቴን ቤት አስገብቼ ዛሬ ሥራ ገባሁ።

የሰሊጡ መደርደሪያ ባዶ ነው። ሳጥኖቹ ታጥበው፣ ተደፍተው፣ ውሃቸውን እያንጠባጠቡ... የተኙት የሉም። አዲሶቹም የሉም። ሰሊጡ ራሱ ከነአፈሩ ተጥሏል።

የጽዳት ሠራተኛዋን ጠየቅኳት። "እኔ አልነካሁትም እቴ። ጓደኛሽን ልጠብልሽ ብላትም 'ተይው እኔው አጥበዋለሁ' አለችኝ።"

ቀጭኔ ቢሮዋ ነበረች። ሳቅ ብላ ተነሳች። "እማዬ እንዴት ናት? ማታ እመጣለሁ ብዬ..."

"ሰሊጡስ?"

"ሞቱ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። የመጀመሪያዎቹም ሻግተው ነበር፣ ሌላውን እንዳይበክሉ ጣልኳቸው።"

"ሳላያቸው?"

"አንቺ እናትሽ ታማ! ምን ብዬ ልጥራሽ?"

ዓይኔን አላየችም። ከተዋወቅን ጀምሮ አንድ ቀን ዓይኔን ሳታይ አውርታኝ አታውቅም።

የካቲት 10

አለቃ ጠራኝ። በር ዝጊ አለኝ። ሻይ አዘዘልኝ። ሻይ ሲያዝ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

"ተጨንቀሽ እንደነበር ሰምቻለሁ። ማንም ቢሆን ሰው ነው። እናት የታመመችበት ሰው እንኳን ቅጠል፣ መንገዱም ይጠፋዋል።"

"አልገባኝም።"

"በመጀመሪያው ሙከራ... የሰሊጡ ሳጥን ውስጥ የወፍ ቆሎ ቀንበጥ ገብቶ ተገኝቷል። እነሱም ያንን በልተው ነው ያደጉት። ቅጠሎቹ እየተምታቱብሽ እንደነበር ለባልደረባሽ ነግረሻታል አሉ። እሷ እንዳትጎጂ ብላ እስካሁን ደብቃልሽ ነበር።"

ደብቃልሽ ነበር!

እናቴ የታመመችው በኋላ ነው፣ ሰሊጡ የተሰፋው በፊት። ይኼንን ተናገርኩ? ተናገርኩ መሰለኝ። አለቃ በሀዘኔታ አየኝ። ሀዘኔታው ነው የገደለኝ። ቢቆጣኝ በተሻለኝ።

እጅ መታጠቢያው ጋ የነገርኳት ነው። ቃል በቃል። አፍንጫዬን እየጠረገችልኝ የሰማችው።

የካቲት 11

የማርቢያ ክፍሉን ቁልፍ ተቀበሉኝ። "እስክትረጋጊ" ነው የሚባለው። ዘር መጋዘን ተመደብኩ። ከረጢት እቆጥራለሁ።

የካቲት 12

ቀጭኔ በመስኮት በኩል አለፈች። እጇን አነሳች። ሰላም ማለቷ ነው? ምን ዓይነት ሰው...

የካቲት 15

ወንድሜ ቤት ሄድኩ። እሷ እንደማትኖር አውቄ ነው። አከራይዋ ሳሎን ቲቪ እያዩ ነበር፣ ስለዚህ በሹክሹክታ ነው የተጣላነው። እንዲህ ዓይነት ጥል ተጣልቼ አላውቅም፤ ጉሮሮዬ አሁንም ያመኛል።

"ሚስትህ ዋሽታብኛለች" አልኩት።

"ቀስ በይ። ይሰማሉ።"

"ዋሽታብኛለች ነው የምልህ!"

"እስቲ እሺ፣ ዋሸች እንበል። ምን ጎደለብሽ? ደሞዝሽ አለ፣ ቤትሽ አለ። አንድ ትል አንድ ቅጠል በላ ብለሽ የኛን ኑሮ ታፈርሺዋለሽ?"

"የሰው ሰሊጥ ነው የሚበላው።"

"ገበሬው መድኃኒት ይረጨዋላ!"

አየሁት። ይሄ ልጅ ትምህርት ቤት ሲደበደብ ሮጬ የምደርስለት ልጅ ነው። ጫማዬን ሳላስር ሁላ። አሁን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ "ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል" ይለኛል።

ስወጣ አከራይዋ "ቁጭ አትይም እንዴ?" አሉኝ። ደህና እደሩ አልኩ፣ በጠራራ ፀሐይ።

የካቲት 21

የፈቃጅ ኮሚቴው ስብሰባ። አልተጠራሁም። ሄድኩ።

ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም ናቸው፣ ድምፃቸው ሻካራ። አለቃ ሲያየኝ ፊቱ ተቀያየረ። ቀጭኔ ስለ ሰፊዋ አቀረበች። ጥሩ አድርጋ፣ እንደ ሁልጊዜዋ። ከወፍ ቆሎ ሌላ አንድም ተክል ላይ አታድግም ብላ ጨረሰች። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። አልፈርድባቸውም፣ እኔም እኮ ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነው።

እጄን አወጣሁ። "ሰሊጥ ላይ አድጋለች። በዓይኔ አይቻለሁ። እሷም አይታለች።"

ቀጭኔ ወረቀቷን እያስተካከለች "ባልደረባዬ በዚያ ሰሞን እናቷ በጠና ታመውባት..." ብላ ጀመረች።

ባልደረባዬ! ለሰርጓ ጥፍሯን የቀባሁላት። "እናቷ" ደግሞ... እማዬ የምትላት ሴትዮ!

ሰብሳቢዋ አቋረጧት። "ቆይ የኔ ልጅ። የእናቷን ነገር ተይው። አንቺ ሰሊጥ የሚያርስ አጎት ቢኖርሽ፣ እርሻው ዳር ላይ ይቺን ትለቂያለሽ?"

ቀጭኔ አፏን ከፈተች። ከዚያ ውሃ ጠጣች። "ማስረጃው የሚያሳየው..."

"ማስረጃውን ሰማሁ። የጠየቅኩሽ ሌላ ነው።"

አለቃ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንግዶች ተጠርተዋል፣ ቀኑ ተቆርጧል ምናምን አለ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። "የወፍ ቆሎው ስንት ዘመን ጠብቆናል። አንድ ወር ቢጨመር ይጠብቀናል። ይደገም። ሁለቱም ባሉበት ይከፈት፣ ሁለቱም ባሉበት ይዘጋ። አንዳቸው ብቻቸውን እንዳይገቡ።"

አሸነፍኩ ማለት ነው? ስወጣ ደረጃው ላይ ማንም አላናገረኝም።

የካቲት 28

በየጠዋቱ አብረን እንገባለን። አንደኛውን በር እሷ ትከፍታለች፣ ሁለተኛውን እኔ። ያ በሮቹ መሐል ያለው ጠባብ ክፍል... ትንፋሿ ይሰማኛል። "ጨርሰሻል?" "ጨርሻለሁ።" ይኸው ነው ንግግራችን። ዛሬ ስንወጣ ትከሻዋ ላይ አንዲት ራት ነበረች። እጄ ራሱ ሄዶ አነሳላት። ሁለታችንም ደነገጥን።

መጋቢት 7

ሰሊጡ ተሰፋ።

አብረን ነው ያየነው። መርፌውን ሰጠኋት፣ ራሷ ገለጠችው። አባጨጓሬዋ ውስጡ አለች። ወፍራም።

የምጮህ መስሎኝ ነበር፤ አየሽ የምል። ምንም አልወጣኝም። አንድ ትንሽ የልቤ ጥግ እኮ ተሳስቼ ብሆን ይመኝ ነበር... እሷ ልክ ሆና፣ እኔ ደክሞኝ የነበረ ሆኖ፣ ይቅርታ ጠይቄያት ምሳ አብረን ብንበላ።

እጅ መታጠቢያው ጋ ውሃውን ከፍታ ቆመች። እጇን አትታጠብም፣ ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል።

"ለምን?" አልኳት።

"ቤቱን ፈልጌ።" እንዲሁ፣ ሳትቀባባ። "ከዚያ ሳሎን መውጣት ፈልጌ። የወንድምሽን ፊት ማየት ሰልችቶኝ። ደግሞ ሌላ ሰው ነገ ያገኘዋል፣ እስከዚያ መላ ይመጣል ብዬ... አላውቅም። ሳጥኑን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እሱን አልክድሽም። የእማዬን ነገር ግን..."

"የእናቴን ነገር ግን ምን?"

"እኔ አይደለሁም ያሰብኩት። ሞቱ ብዬ ልተወው ነበር።"

"ማን ነው ያሰበው?"

ውሃውን ዘጋች።

"ማን ነው?"

"ጠይቂው" አለች። አሁን ዓይኔን አየችኝ።

መጋቢት 8

ጠየቅኩት። በስልክ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

አልካደም። ይክዳል ብዬ ስጠብቅ አልካደም! "እኔ ያልኩት 'ደክሟት ነበር በያቸው' ነው። ሞቱ ብቻ ብትል አንቺ ዝም አትዪም። አውቅሻለሁ። ደክሟት ነው ከተባለ ግን ማንም አይፈርድብሽም፣ አንቺንም አይነካሽም ብዬ..."

"መቼ ነው የነገርካት?"

መልሱን ሳልጠብቅ ቀጠልኩ።

"እናታችን አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን ተሰክቶ አንተ ብርቱካን ስትልጥ አስበኸዋል?"

"እንደሱ አታድርጊው።"

"አስበኸዋል ወይ?"

"ያኔ ነው የመጣልኝ" አለ። ድምፁ እንደ ልጅ ሆነ። "እህቴ... እኔ እኮ ሰው መሆን አቅቶኝ ነው።"

ዘጋሁት። እህቴ ይለኛል። ከእሷ የሚመጣውን ችያለሁ። ይሄኛውን የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም።

መጋቢት 16

ሪፖርቱን ሁለታችንም ፈረምን። ሰፊዋ አትለቀቅም።

አለቃ ቁልፌን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። "እንግዶቹን ምን እንደምላቸው እንጃ" አለ እንጂ።

መጋቢት 24

ቀጭኔ ዝውውር ጠይቃለች አሉ። ከሰው ነው የሰማሁት።

ሚያዝያ 3

ዛሬ ሰፊዋን አስወገድን። አንዲት እንኳ እንዳታመልጥ ስለሚፈራ ሁሉም ከነቅጠሉ፣ ከነሳጥኑ ፍሪዘር ይገባል። ለቀጭኔ የመጨረሻ ሥራዋ ነው፣ ነገ ትሄዳለች። ሁለታችን ተሸከምን። አንዱ ሳጥን ውስጥ ገና ዛሬ ከድራቸው የወጡ ራቶች ነበሩ፣ ክንፋቸውን እየዘረጉ፣ ያ መዳብ መስመራቸው መብራቱ ላይ ብልጭ ድርግም እያለ። ምንም አላጠፉም። ያገኙትን በሉ።

"ትንሽ እንቆይላቸው?" አለች።

"ምን ይጨምርላቸዋል?"

በሩን ዘጋሁት። እሷ ጋዋኗን አውልቃ አጣጠፈችና መስቀያው ላይ ከመስቀል ይልቅ እጄ ላይ አደረገችው። የምትለው ነገር ያለ ይመስል ነበር። እኔም ብትለው እሰማ ነበር መሰለኝ። አላለችም፣ ሄደች።

ከሰዓት ወደ ቤት ስመለስ በአባቴ መሬት በኩል አለፍኩ። የወፍ ቆሎው አብቧል። ቢጫ፣ ሮዝ፣ ብርቱካናማ... ለማያውቀው ሰው ያምራል። አጥሩን አልፎ መንገዱ ላይ ወጥቷል። ከእንግዲህ በመጥረቢያና በጉልበት ነው፣ ያውም ማን አለ? እኔ ብቻዬን።

እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። ትንፋሿ ደህና ነው። ወንድሜ ከመጋቢት ወዲህ ቤታችንን አልረገጠም። እስካሁን አልጠየቀችኝም ነበር።

"ወንድምሽ ምን ነካው?" አለችኝ ዛሬ። "እሷም ጠፋች።"

ልነግራት አፌ ድረስ መጣ። ሁሉም። ከዚያ እጇን አየሁት፤ የሆስፒታሉ መርፌ ጠባሳ ገና አልጠፋም።

"ሥራ አግኝቶ ነው እማዬ። በዝቶበታል። እሷም በዝቶባት ነው።"

እናቴ ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝ።

"አንቺም መዋሸት ጀመርሽ?" አለች።